አፕግሬድ ካደረግኩ በኋላ ቪኤሜ ስታክ እያደረገ ነው፣ ምን ላድርግ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዊንዶውሱ አፕዴት ሆነ፣ ወይ ቨርቹዋልቦክሱ አዲስ ቨርዥን ተጫነለት፣ ወይ ውስጥ ያለው ኡቡንቱ ከርነል (የሲስተሙ ዋና ክፍል) ቀየረ፣ ከዛ ትናንት በሰላም ይሰራ የነበረው ቪኤም (ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሰራ ሌላ ኮምፒውተር) ዛሬ ሎጊን ጋር እንኳን ሳይደርስ ቀጥ ይላል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቪኤሙን ዲሊት አድርጎ ከዜሮ መጫን ነው፣ እባካችሁ እሱን አታድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ምንም አልሆነም፣ ስራችሁም እዛው አለ፣ የተቀየረው ከስሩ ያለ አንድ ነገር ነው። ደሞ አዲስ አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) ማውረድ ለኡቡንቱ 24.04 ዴስክቶፕ ብቻ ወደ 6 ጊጋባይት ዳታ ይበላል፣ በሞባይል ፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። እዚህ ያለው በብዛት ስለ ቨርቹዋልቦክስ ነው ምክንያቱም ተማሪውም ኔትወርክ የሚለማመደውም በብዛት የሚጠቀመው እሱን ነው፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ ስለ ሌሎቹ የቪኤም ሶፍትዌሮች፣ ስለ ቪኤምዌርና ስለ ፕሮክስሞክስም አለ።

ከየት ልጀምር?

ምኑ ነው የተቀየረው ከሚለው። ሶስት ቦታ አለ፦ ሆስቱ ማለትም ላፕቶፑ ላይ ያለው ዊንዶውስ ወይ ሊኑክስ፣ መሃል ላይ ያለው ቨርቹዋልቦክስ ራሱ፣ ከዛ ቪኤሙ ውስጥ የተጫነው ሲስተም ማለትም ጌስት። ሰው "አፕግሬድ አደረግኩ" ሲል ከሶስቱ የትኛውን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይለይም፣ መፍትሄው ግን ለየብቻ ነው። አንዳንዴ ደሞ እናንተ ምንም ሳትነኩ ዊንዶውስ ማታ በራሱ አፕዴት አድርጎ ያድራል፣ ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የዊንዶውስ አፕዴት ሂስትሪ ላይ ቀኑን እዩ።

ለመለየት በጣም የሚረዳው ሙከራ ይሄ ነው፦ ሌላ ቪኤም ካላችሁ እሱን አስነሱት፣ ከሌላችሁ ደሞ ድሮ ያወረዳችሁት ማንኛውም የሊኑክስ አይኤስኦ ካለ ዲስክ የሌለው አዲስ ቪኤም ፈጥራችሁ ሳትጭኑት በላይቭ ብቻ አስነሱት። እሱም ስታክ ካደረገ ችግሩ ሆስቱ ላይ ወይ ቨርቹዋልቦክሱ ላይ ነው፣ ጌስታችሁን ለቀቅ አድርጉት። እሱ በሰላም ከሰራና ያኛው ብቻ ከቆመ ጉዳዩ ጌስቱ ውስጥ ወይ የዛ ቪኤም ሴቲንግ ላይ ነው። ይሄን ሳያደርጉ አስር ሴቲንግ መነካካት መጨረሻ ላይ የቱ እንዳስተካከለው ወይ የቱ እንዳባሰው ሳይታወቅ መቅረት ነው፣ አንድ ነገር ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ካልሰራ መልሱት፣ ከዛ ወደ ሚቀጥለው።

በእርግጥ ቆሟል ወይስ ስክሪኑ ብቻ ነው?

ይሄን ማጣራት ጥሩ ነው ምክንያቱም ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ከቪኤሙ መስኮት ስር ያለችውን የሃርድ ዲስክ ምልክት እዩዋት፣ ብልጭ ድርግም ካለች ውስጥ ስራ አለ ማለት ነው፣ ታገሱት። ሊኑክስ ከሆነ የቀኙን ኮንትሮል ይዛችሁ ኤፍ3 ንኩ፣ ጥቁር የጽሁፍ ሎጊን ከመጣ ሲስተሙ በህይወት አለ፣ የሞተው ግራፊክሱ ብቻ ነው። ፒንግ ወይ ኤስኤስኤች ከሆስቱ የሚመልስ ከሆነም እንደዛው። ከዛ የሆስቱ ታስክ ማናጀር ላይ ቪኤሙ ሲፒዩ ምን ያህል እንደሚበላ ተመልከቱ፣ ጭራሽ ምንም ካልበላ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው (ብዙ ጊዜ ዲስክ)፣ ከፍ ብሎ ከቆመ ደሞ አንድ ቦታ እየተሽከረከረ ነው።

ለመዝጋት መጀመሪያ ኤሲፒአይ ሻትዳውን የሚለውን ሞክሩ፣ ፓወር ኦፍ የመጨረሻ ይሁን።

ከመስኮቱ ስር ትንሽ አረንጓዴ ኤሊ አለች፣ ምንድን ናት?

ዊንዶውስ ሆስት ላይ ከአፕዴት በኋላ የሚመጣው ቅሬታ በጣም ብዙው መልሱ እሷ ኤሊ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን የቨርቹዋላይዜሽን አቅም፣ ቪቲ-ኤክስ ወይ ኤኤምዲ-ቪ የሚባለውን፣ ቨርቹዋልቦክስ ለራሱ በቀጥታ መያዝ ይፈልጋል። ዊንዶውስ ውስጥ ግን ሃይፐር-ቪ የሚባለው የማይክሮሶፍት የራሱ የቪኤም ሶፍትዌር ከበራ መጀመሪያ እሱ ይይዘዋል፣ ቨርቹዋልቦክስ ሲመጣ ቦታው ተይዟል። ድሮ ጭራሽ አልነሳም ይል ነበር፣ በ2018 ከወጣው ከ6.0 ጀምሮ ግን በሃይፐር-ቪ ላይ ተደግፎ መስራት ይችላል፣ ኤሊዋ የምትነግራችሁ ያንን ነው። ይሰራል ግን ይጎተታል፣ አንዳንድ ማሽን ላይ ደሞ መጎተት ብቻ ሳይሆን ደቂቃዎች ሙሉ ይቆማል፣ በተለይ ከአንድ በላይ ሲፒዩ የሰጣችሁት ጌስት።

"እኔ ሃይፐር-ቪ አብርቼ አላውቅም" የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ልክም ነው። እሱን የሚያበሩት ሌሎች ናቸው፦ ዳብሊውኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደው)፣ ዶከር ዴስክቶፕ፣ ዊንዶውስ ሳንድቦክስ፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው የሴኪዩሪቲ ሴቲንግ። የዊንዶውስ 10 ሰፖርት ኦክቶበር 14፣ 2025 ስላበቃ ብዙ ሰው ወደ 11 ተሻግሯል፣ ዊንዶውስ 11 እንደ አዲስ ሲጫን ደሞ ይሄ ነገር ብዙ ማሽን ላይ በርቶ ነው የሚመጣው።

ለማረጋገጥ ስታርት ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብላችሁ ክፈቱና እስከ ታች ውረዱ፣ ሃይፐርቫይዘር (ቪኤም የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ተገኝቷል የሚል መስመር ካለ በርቷል። ለማጥፋት ሁለት ቦታ ትገባላችሁ። አንደኛ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ፣ ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ፣ ኮር አይሶሌሽን ዲቴይልስ፣ እዛ ሜሞሪ ኢንተግሪቲን ኦፍ። ሁለተኛ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ዊንዶውስ ፊቸርስ የሚለው ጋር ሃይፐር-ቪ፣ ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም እና ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ከዛ ሪስታርት። ኤሊዋ ካልጠፋች በአድሚን በተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት ቢሲዲኤዲት በሚለው ትዕዛዝ ሃይፐርቫይዘር ላውንች ታይፕን ኦፍ ማድረግ ይቻላል። ይሄን ከማድረጋችሁ በፊት ግን ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ጥበቃ) የበራበት ላፕቶፕ ከሆነ ሪከቨሪ ኪያችሁን ስልካችሁ ላይ ወይ ወረቀት ላይ ያዙት፣ የቡት ወይ የባዮስ ሴቲንግ ሲነካ ሲነሳ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ቁልፉ ከሌለ ደሞ የተቆለፈው ቪኤሙ ሳይሆን ላፕቶፑ በሙሉ ነው።

ዳብሊውኤስኤልና ዶከር ለስራ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ እነሱን አጥፍታችሁ ቨርቹዋልቦክስን ማዳን ላያዋጣ ይችላል። ያኔ ወይ ሊኑክሱን እዛው ዳብሊውኤስኤል ላይ መስራት፣ ወይ ዊንዶውሱ ፕሮ ከሆነ ቪኤሙን ወደ ሃይፐር-ቪ ማዞር ይሻላል።

ሜሞሪ ኢንተግሪቲን ማጥፋት አደጋ የለውም?

አለው። ዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ያልታመነ ኮድ እንዳይገባ የሚጠብቅ ነገር ነው፣ ሲጠፋ ጥበቃው አንድ ደረጃ ይቀንሳል። የግል ላፕቶፕ ላይ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር የማትጭኑ ከሆነና ለትምህርት የምትጠቀሙበት ከሆነ እኔ አጥፉት እላለሁ፣ ስትጨርሱ መልሳችሁ ማብራት ትችላላችሁ። የመስሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ ግን አትንኩት፣ የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ። ኢንተርፕራይዝና ኤጁኬሽን የሚባሉት ኤዲሽኖች ላይ ከዊንዶውስ 11 22ኤች2 ጀምሮ ክሬደንሻል ጋርድ የሚባለውም በራሱ ይበራል፣ እሱም ሃይፐርቫይዘሩን ይይዘዋል።

ቨርቹዋልቦክሱን አፕግሬድ ሳደርግ ቪኤሙ ሴቭድ ስቴት ላይ ነበር፣ አሁን ሲከፈት ደርቆ ይቀራል

ሴቭድ ስቴት ማለት ራሙና የቨርቹዋል ሃርድዌሩ ሁኔታ ያኔ እንደነበረ ፋይል ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። አዲሱ ቨርዥን ሃርድዌሩን ትንሽ ለየት አድርጎ ካቀረበው የድሮው ስቴት ከአዲሱ ጋር ላይገጥም ይችላል። ቪኤሙ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲስካርድ ሴቭድ ስቴት በሉት። ይሄ ዲስኩን አያጠፋም፣ ውጤቱ ኮምፒውተር በድንገት ፓወር እንደጠፋበት ነው፣ ሴቭ ያላደረጋችሁት ፋይል ብቻ ይጠፋል። ለሚቀጥለው ከማንኛውም አፕግሬድ በፊት ሁሉንም ቪኤም ሙሉ በሙሉ ሻትዳውን አድርጉ።

ሎጊን ካደረግኩ በኋላ ስክሪኑ ይቆማል፣ ማውዙ ብቻ ይንቀሳቀሳል

ይሄ የግራፊክስ ነው። ቪኤሙን ዝጉና ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ሶስት ነገር እዩ፦ ኢኔብል 3ዲ አክሰለሬሽን የሚለውን አንሱት፣ ቪዲዮ ሜሞሪውን 128 አድርጉ፣ ግራፊክስ ኮንትሮለሩ ለሊኑክስ ቪኤምኤስቪጂኤ፣ ለዊንዶውስ ቪቦክስኤስቪጂኤ መሆኑን አረጋግጡ። ሴቲንጉን አጣሁት ካላችሁ በ2024 ከወጣው 7.1 ጀምሮ ቤዚክና ኤክስፐርት የሚባል ሁለት እይታ አለ፣ ቤዚክ ላይ ብዙ ነገር ተደብቋል፣ ወደ ኤክስፐርት ቀይሩት።

ኡቡንቱ 22.04 ወይ 24.04 ከሆነ ሎጊን ላይ ስማችሁን ከነካችሁ በኋላ ከታች ጥግ ላይ ጥርሳም ጎማ የምትመስል ምልክት አለች፣ እሷን ነክታችሁ ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ የሚለውን ምረጡ። ዌይላንድ በሚባለው በዲፎልቱ የግራፊክስ ሲስተም ላይ የሚደርቀው እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይሰራል።

ከዛ ጌስት አዲሽንስ፣ ማለትም ጌስቱ ውስጥ የሚጫኑት የቨርቹዋልቦክስ ድራይቨሮች። ቨርቹዋልቦክሱ 7.2 ሆኖ ውስጥ ያለው አዲሽንስ የ6.1 ከሆነ አንዳንዴ ይሰራል አንዳንዴ ደሞ ስክሪን ሪሳይዝ ስታደርጉ ወይ ክሊፕቦርድ ስትጠቀሙ ያቆመዋል። ዲቫይስስ ከሚለው ሜኑ ኢንሰርት ጌስት አዲሽንስ ሲዲ ኢሜጅ ብላችሁ የአዲሱን ጫኑ፣ ሊኑክስ ላይ ከሆነ የከርነል ሄደርስና ቢልድ ኢሴንሻል መጀመሪያ መኖር አለባቸው፣ ያለነሱ ጨርሻለሁ ሊል ይችላል ግን ሞጁሉ አልተሰራም።

ሊኑክስ ጌስቱ ከርነል አፕዴት ካደረገ በኋላ ቡት ላይ ይቆማል

የድሮው ከርነል አልጠፋም። ቪኤሙ ሲነሳ ሺፍትን ተጭናችሁ ያዙ (ኢኤፍአይ ካበራችሁ ኤስኬፕ)፣ ግራብ የሚባለው የቡት ሜኑ ሲመጣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ግቡና ከላይ ሁለተኛውን ቨርዥን ምረጡ። በሱ ከተነሳ ችግሩ አዲሱ ከርነል ወይ ለሱ ያልተሰራው የአዲሽንስ ሞጁል ነው፣ አዲሽንሱን እንደገና ጫኑት።

በድሮው ከተነሳችሁ በኋላ ያለፈውን ቡት ሎግ አንብቡ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ጊዜ ብትሰጡት ብዙ ይነግራችኋል። "ሶፍት ሎክአፕ፣ ሲፒዩው ለ22 ሰከንድ ተጣብቋል" የሚል አይነት መልዕክት ካለ ጉዳዩ ሲፒዩ ላይ ነው፣ ከርነሉ በዲፎልት አንድ ሲፒዩ ከ20 ሰከንድ በላይ ለሌላ ስራ እድል ካልሰጠ ነው እንደዛ የሚጮኸው። ጌስት ላይ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሆስቱ ለቪኤሙ ሲፒዩ ጊዜ አለመስጠቱ ነው፣ ስለዚህ የሲፒዩ ቁጥሩን ቀንሱ፣ ኤሊዋንም ፈልጉ። ላፕቶፑን ዘግታችሁ ስትከፍቱት አንዴ ብቻ የመጣ ከሆነ ግን ችግር የለውም፣ እንቅልፍ ላይ የነበረበትን ጊዜ ነው የቆጠረው። ሌላኛው መልዕክት ደሞ "ይሄ ታስክ ከ120 ሰከንድ በላይ ብሎክ ሆኗል" የሚለው ነው፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ዲስክ ነው። ሆስቱ ላይ አንቲቫይረስ የቪኤሙን ፎልደር በሙሉ እየፈተሸ ይሆናል (ፎልደሩን ከስካን አውጡት)፣ ወይ ቪኤሙ ያለው ቀርፋፋ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ስቶሬጅ ሴቲንግ ውስጥ ሳታ ኮንትሮለሩ ላይ ዩዝ ሆስት አይኦ ካሽ የሚለውን ማብራት ይረዳል፣ ግን መብራት በድንገት ሲጠፋ ያልተጻፈ ዳታ የመጥፋት እድሉን ይጨምራል፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ባታበሩት ጥሩ ነው።

ሆስቴ ራሱ ሊኑክስ ነው፣ ከአፕዴት በኋላ ጭራሽ አልነሳም አለ

ኤረሩ ውስጥ ቪኤምኤክስ ሩት ሞድ የሚል ካለ ምክንያቱ ይታወቃል። በኖቬምበር 2024 ከወጣው ከርነል 6.12 ጀምሮ ኬቪኤም የሚባለው የሊኑክስ የራሱ ሃይፐርቫይዘር ሞጁሉ ሎድ እንደሆነ ወዲያው ቪቲ-ኤክስን ይይዘዋል፣ ድሮ ቪኤም እስኪነሳ ይጠብቅ ነበር። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ያሉ ሰዎችም በ2025 ከርነላቸው ወደ 6.14 ከፍ ሲል ገጥሟቸዋል። ኬቪኤም ኢንቴል ወይ ኬቪኤም ኤኤምዲ የሚለውን ሞጁል አንሎድ አድርጋችሁ (ከሜሞሪ አውጥታችሁ) ሞክሩ፣ ከሰራ ሁልጊዜ እንዳይነሳ ብላክሊስት አድርጉት ወይም የኬቪኤሙን ኢኔብል ቨርት አት ሎድ የሚለውን ፓራሜትር ዜሮ አድርጉት። ሴኪዩር ቡት የበራበት ማሽን ደሞ ያልተፈረመ የቨርቹዋልቦክስ ሞጁል አያስገባም፣ ቁልፉን ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ሴቲንጉን አልቀየርኩም፣ ዊንዶውስ 11 ካደረግኩ ወዲህ ግን ላፕቶፑም ቪኤሙም አብረው ይቆማሉ

8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ለቪኤሙ 4 ሰጥታችሁ ዊንዶውስ 10 ላይ ይበቃ ነበር ይሆናል፣ አሁን ሆስቱ ራሱ ብዙ ስለሚፈልግ ሁለቱም ዲስክ ላይ ስዋፕ ማድረግ ይጀምራሉ፣ ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ ካልሆነ ደሞ በቃ ይቆማል። ራሙን ወደ 2 ወይ 3 ጊጋ አውርዱት፣ ክሮምን ዝጉት። ኮማንድ ላይን ለመለማመድ ከሆነ ዴስክቶፕ የሌለው ኡቡንቱ ሰርቨር ከዴስክቶፑ በጣም ባነሰ ራም ይሰራል፣ ለደካማ ላፕቶፕ እኔ ሁልጊዜ የምመክረው እሱን ነው። ሲፒዩም ቢሆን ስላይደሩ ቀዩ ላይ እንዳይደርስ።

በመሃል ፖዝድ ይላል፣ ሪዚዩም ስለው ተመልሶ ይቆማል

ሲ ድራይቭ ሞልቷል። አፕግሬድ የድሮውን ዊንዶውስ በዊንዶውስ ኦልድ ፎልደር ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ብዙ ጊጋ ይይዛል፣ የቪኤሙ ዲስክ ደሞ እየተጠቀማችሁ ሲሄድ ያድጋል። ዲስክ ክሊንአፕ አድርጉና ሪዚዩም በሉት፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ ስናፕሾት (ቪኤሙ በሆነ ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዘውን) አታጥፉ፣ ስናፕሾት ሲጠፋ መጀመሪያ መርጅ ስለሚሆን በመሃል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል።

አፕግሬድ እያደረገ መብራት ጠፋ

ምንም ከመሞከራችሁ በፊት የቪኤሙን ፎልደር በሙሉ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ፣ ፍላሽም ኤክስተርናልም ይሁን። ከዛ የተቋረጠው ቨርቹዋልቦክሱ ከሆነ ኢንስቶለሩን እንደገና አስኪዱት፣ ሪፔር ያደርጋል። የተቋረጠው የጌስቱ አፕዴት ከሆነ በግራብ ሪከቨሪ ሞድ ገብታችሁ ኤፍኤስሲኬ፣ ቀጥሎ ዲፒኬጂ የሚለውን ምረጡ፣ በመሃል የተቋረጡትን ፓኬጆች ያጠናቅቃቸዋል። አልነሳም ብሎ እምቢ ካለ ዲስኩን ለሌላ ጤነኛ ቪኤም ሁለተኛ ዲስክ አድርጋችሁ አያይዙት፣ ፋይላችሁን አውጡ። ብዙ ሰው የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ጠፋ ብሎ የሚያለቅሰው ይሄ መንገድ እንዳለ ስለማያውቅ ነው።

ቪኤምዌር ዎርክስቴሽን ላይስ?

ኤሊ የለውም እንጂ የሃይፐር-ቪው ጉዳይ እሱም ጋር አለ። ተጨማሪው ነገር 12ኛ ትውልድና ከዛ በኋላ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ናቸው፣ ትልልቅና ትንንሽ ኮር አላቸው፣ ዊንዶውስ 11 ደሞ የቪኤሙ መስኮት ከኋላ ሲሆን ስራውን ወደ ትንንሾቹ ይልከዋል፣ ሌላ መስኮት ስትከፍቱ ቪኤሙ የሚደርቀው ለዛ ነው። ፓወርሲኤፍጂ በሚለው ትዕዛዝ ለቪኤምዌር ቪኤምኤክስ ፓወር ስሮትሊንግን ማጥፋት ይቻላል። ሶፍትዌሩ ራሱ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ለሁሉም ነጻ ስለሆነ ክራክ መፈለግ አያስፈልግም።

ፕሮክስሞክስ ሰርቨር አለን፣ አፕግሬድ ካደረግን በኋላ ቪኤሞች ከቀናት በኋላ ድንገት ይደርቃሉ

መጀመሪያ ዌብ ገጹ ላይ አይኦ ኤረር የሚል ምልክት መኖሩን እዩ፣ ካለ ስቶሬጁ ሞልቷል፣ ቲን ፑል (ቦታ የሚይዘው ዳታ ሲጻፍበት ብቻ የሆነ ስቶሬጅ) የምትጠቀሙ ከሆነ በተለይ። ሲፒዩው 100 ፐርሰንት ላይ ተተክሎ ፒንግ የማይመልስ ከሆነ ግን ከርነሉን ጠርጥሩ። በ2023 የተገኘ አንድ ስህተት ይሄን በደንብ ያሳያል፦ ፕሮክስሞክስ ቪኤሞቹን የሚያስኬድበት ኬቪኤም የጌስቱ ሜሞሪ ማፒንግ በተቀየረ ቁጥር አንድ ቆጣሪ ይጨምራል፣ 6.1ና 6.2 ላይ ያ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ በጠባብ ሳጥን ውስጥ ይገባ ነበር፣ 2,147,483,648 ሲደርስ ኔጋቲቭ ይሆንና ሲፒዩው ያንኑ የሜሞሪ ጥያቄ ለዘላለም ይደጋግማል። ለዛ ነው አዲስ የተነሳ ቪኤም ደህና ሆኖ ብዙ ቀን የቆየው የሚደርቀው፣ ኬኤስኤምና ባሉን የሚባሉት ሜሞሪ ቆጣቢዎች ሲበሩ ደሞ ቆጣሪው ቶሎ ይሞላል። አሁን ባሉት ከርነሎች ተስተካክሏል፣ ስለዚህ ፕሮክስሞክስ 8 ላይ ገና በመጀመሪያው 6.2 የምትሰሩ ካላችሁ ቀይሩ። በ2025 ወደ ወጣው 9 ስትሄዱም የድሮውን ከርነል ወዲያው አታጥፉ፣ ችግር ከመጣ እሱን ፒን አድርጋችሁ (ሁልጊዜ በሱ እንዲነሳ) ሪቡት ማድረግ ነው። ዊንዶውስ ጌስት ብቻ ሲደርቅ ኢቨንት ቪወር ውስጥ ቁጥር 129 የቪአይኦስካዚ ማስጠንቀቂያ ፈልጉ፣ ካለ የቨርትአይኦ ድራይቨሩን ቨርዥን መቀየር ነው።

ወደ ድሮው ቨርዥን ብመለስ ይሻላል?

ለፈተና ወይ ለስራ ማስረከቢያ ጥቂት ቀን የቀረው ሰው ይመለስ፣ ነውር የለውም። የቨርቹዋልቦክስ ድረ ገጽ ላይ ኦልደር ቢልድስ የሚል ቦታ ሁሉም አለ። ኤክስቴንሽን ፓክ የምትጠቀሙ ከሆነ የሱም ቨርዥን አንድ አይነት ይሁን፣ ከመመለሳችሁ በፊት ደሞ የቪኤሙን ፎልደር ኮፒ አድርጉ፣ አዲሱ ቨርዥን የሴቲንግ ፋይሉን ፎርማት ቀይሮት ከሆነ የድሮው ላያነበው ይችላል፣ ያኔም ቢሆን አዲስ ቪኤም ፈጥራችሁ የነበረውን ዲስክ መስጠት ነው።

ሁሉንም ሞክሬ አልሆነም፣ ሰው ልጠይቅ

ስክሪኑን በስልክ አንስታችሁ "ስታክ አደረገብኝ" ብቻ ብትሉ የሚረዳችሁ ሰው አይኖርም። ቪኤሙ ላይ ራይት ክሊክ፣ ሾው ሎግ፣ ከዛ ሙሉውን ፋይል ሴቭ አድርጋችሁ ላኩ፣ ቆርጣችሁ አትላኩ ምክንያቱም ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከላይ በኩል ነው ያለው። ሎጉ ውስጥ የኮምፒውተር ዩዘር ስማችሁና የፎልደር ስሞች ስላሉ መጀመሪያ እዩት። አብራችሁ የሆስቱን ቨርዥን፣ የቨርቹዋልቦክሱን ቨርዥን፣ የጌስቱን፣ የራምና የሲፒዩ ብዛት፣ እና መጨረሻ በደህና የሰራበትን ቀን ጻፉ።